ኮቴና ክንፍ

መስከረም ሲጋመስ፣ በቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስና በአሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት የመኪና ማቆሚያ ላይ ደመራ በሚደመርበት ሰሞን፣ ከሕዝቡ ራስ በላይ አንዲት መንገደኛ ታልፋለች። ክንፏ ብርቱካንማ ነው፤ በጥቁር መስመር የተከፋፈለ፣ ጠርዙ በነጭ ነጠብጣብ የተዘመዘመ። ሞናርክ ይሏታል። አገር ቤት በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ዘመድ «የመስቀል ወፍ» እያልን እንተርበዋለን። (የመስቀል ወፍ እንኳ የትም አይሄድም፤ የሚያምር ላባውን የሚለብሰው በዚያ ወቅት ስለሆነ ነው ሌላ ጊዜ ከድንቢጥ የማንለየው።) ይህቺ ቢራቢሮ ግን የምር ትሄዳለች፤ ከቨርጂኒያ ተነስታ ሜክሲኮ ድረስ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ክብደቷ ግማሽ ግራም ነው።

በልጆች ምርቃት፣ በማኅበር ስብሰባ፣ በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት መዝጊያ ላይ ስሟ ሲነሳ ሰምቻለሁ። ንግግሩ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ይህቺ ቢራቢሮ ያላየችውን አገር ታውቃለች፤ ልጆቻችንም እዚህ ቢወለዱ አገራቸውን ደማቸው ያውቀዋል። ጭብጨባው ይሞቃል። ወላጅ ሁሉ ሊሰማው የሚፈልገው ነገር ነውና አይፈረድበትም። እኔ ግን ተናጋሪዎቹ ያልሆነ እንስሳ ጠርተዋል ባይ ነኝ። የእኛን ነገር የሚናገር እንስሳ ከተፈለገ ክንፍ ያለው ሳይሆን ኮቴ ያለው ነው የሚቀርበን፤ በዚሁ ምድር ሲመላለስ የኖረው ጎሽ።

እንስሳን አስተማሪ ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው። ፊሳልጎስ የተባለው የአራዊት መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ገና በአክሱም ዘመን ነው፤ አራዊቱ እዚያ ውስጥ ምሥጢራቸውን ተሸክመው ነው የሚገቡት። እንዲህ ያለ ንባብ ግን አንድ ጣጣ አለው፤ ትርጓሜው ከእንስሳው ቀድሞ ይደርሳል። የሞናርክም ነገር እንዲያ ሆኗልና መጀመሪያ ራሷን እንያት።

እዚህ አገር ሚልክዊድ የሚባል ተክል አለ። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል፤ ወተቱ ያጣብቃል፣ መርዝም አለው። ሞናርክ እንቁላሏን የምትጥለው በዚህ ተክል ላይ ብቻ ነው። ከእንቁላሉ የምትወጣው ትል መጀመሪያ በዓይን ለማየት ታስቸግራለች፤ ብዙዎቹም በመጀመሪያ ንክሻቸው በወተቱ ተጣብቀው ይቀራሉ። የተረፈችው፣ ጥቁርና ቢጫና ነጭ ቀለበት የለበሰችው አባጨጓሬ፣ ከፍ ስትል ብልሃት ታወጣለች። ቅጠሉን ከመብላቷ በፊት ወደ አገዳው ተጠግታ ዋናውን ጅማት ትቆርጠዋለች። ወተቱ በተቆረጠበት ይፈስና ቅጠሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ያኔ እሷ ወደ ጫፉ ተመልሳ ተረጋግታ ትበላለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቷ 2,000 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። መርዙንም አትጥለውም፤ በሥጋዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ክንፍ ካወጣች በኋላ የዋጣት ወፍ ያስመልሰዋል። ይህን ሁሉ ያሳያት የለም። እናቷን አይታ አታውቅም።

መንገዱንም እንዲሁ። በመስከረም በፌርፋክስ ሰማይ የምታልፈው ቢራቢሮ ነሐሴ ላይ የተወለደች ናት። እናቷ ሞታለች፣ አያቷም ሞታለች፤ የበጋ ሞናርክ ዕድሜዋ ከሁለት እስከ አምስት ሳምንት ነው። ሜክሲኮን ያየችው ቅድመ አያቷ ወይም ከዚያም በላይ ያለችው ናት፤ እሷም መጋቢት ላይ ከተራራው ወርዳ፣ ቴክሳስ አካባቢ እንቁላሏን ጥላ አልፋለች። የመስከረሟ ትውልድ ግን ቀኑ ሲያጥርና ምሽቱ ሲቀዘቅዝ ሰውነቷ ይለወጣል። መውለዷን ለጸደይ ታቆየዋለች፣ ስብ ታጠራቅማለች፣ ስምንት ወር ያህል ትኖራለች። ፀሐይን እያየች አቅጣጫ ትይዛለች፤ ፀሐይ ከሰዓት ሰዓት ስለምትዞር የምታርምበት ሰዓት አንቴናዋ ውስጥ አለ። በጥቅምት መጨረሻ ሜክሲኮ ውስጥ ሚቾአካን ትደርሳለች፤ ቁመቱ የእንጦጦን ያህል በሆነ ተራራ ላይ፣ ኦያሜል በሚባል ጥድ መሰል ዛፍ፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስ ከሌሎቹ ጋር ትሰፍራለች።

ካናዳዊው ፍሬድ ኡርኳርት በቢራቢሮ ክንፍ ላይ ትንንሽ ወረቀት እየለጠፈ ይህን ቦታ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈልግ ኖሯል። ለሳይንሱ የተገኘው በ1975 ሲሆን ያገኙትም የሚቾአካን ተወላጇ ካታሊና አጉዋዶና ኬን ብሩገር ናቸው። ቦታው ጠፍቶ አያውቅም፤ የተራራው ገበሬ ሁልጊዜም ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ፣ ተጓዡ ማን ነው የሚለው ነው። እኛ «መጣሁ፣ እመለሳለሁ» ስንል የመጣውና የሚመለሰው አንድ ሰው ነው፤ ባይመለስም እንኳ ቃሉን የሰጠው እሱ ነው። በሞናርክ ግን ደርሶ መልሱን የጨረሰ አንድም አካል የለም። የሄደችው ሌላ፣ የምትመለሰው ሌላ። ጉዞው አለ፣ የጉዞው ባለቤት የለም። ስለዚህ ናፍቆት አለባት ማለት አይቻልም፤ ናፍቆት የነበረበትን የሚያስታውስ ሰው ነገር ነው። ልጆቻችንን በእሷ የምንመስላቸው ይህን ስለምንዘል ይመስለኛል። የምንመኘው ዕውቀቷን ነው፤ ዕውቀቷ የተገኘው ግን ትዝታ የሚባል ነገር ሳይኖር ነው።

ጎሹስ? እዚህ ባፋሎ የሚሉት፣ ሳይንሱ ባይሰን የሚለው እንስሳ ከእኛ የኦሞና የማጎ ጎሽ ጋር ዝምድናው ራቅ ይላል፤ ለላም ይቀርባል፣ ከላምም ይዳቀላል። ኮርማው እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል፤ በሚዛን ለማስተካከል ወደ 1.8 ሚሊዮን ቢራቢሮ ያስፈልጋል። ዛሬ ሰው የሚያስበው ከምዕራቡ ሜዳ ጋር ነው እንጂ ለዚህ ሰፈርም እንግዳ አልነበረም። ሳሙኤል አርጎል የተባለው እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በ1613 በጻፈው ደብዳቤ፣ በፖቶማክ ወንዝ ሽቅብ ተጉዞ ላም የሚያክሉ ከብቶች በብዛት እንዳገኘ፣ መንገድ የሚመሩት የአገሩ ተወላጆችም ሁለቱን እንደጣሉለት ይተርካል። ብዙዎች ጎሽ ነው የሚሉት ይህን ከብት ነው። በቨርጂኒያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የተራራውን ሰንሰለት የሚያሻግረውን የከምበርላንድ ጋፕ በርም ቀድሞ የረገጠው የጎሽ መንጋ ነው። የአገሩ ሰዎች ኮቴውን ተከተሉ፤ ዳንኤል ቡን የተባለው መንገድ ከፋች በ1775 ያንኑ በመጥረቢያ አሰፋው፤ ከዚያ ሰፋሪው ጎረፈበት። ቢራቢሮ በሄደችበት አየር ላይ ምልክት አይቀርም። ጎሽ የሄደበት ግን መንገድ ይሆናል፣ ሌላም ይሄድበታል።

ከዱፖንት ሰርክል ወደ ጆርጅታውን በኪው ስትሪት ስታልፉ ድልድዩን በሁለት ጫፉ የሚጠብቁ አራት የነሐስ ጎሾች አሉ፤ በዲሲ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ፊሚስተር ፕሮክተር የሠራቸው ሲሆን ድልድዩ ያለቀው በ1915 ነው። ሐውልቱ ከመቆሙ በፊት እንስሳው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ቀድሞ 30 ሚሊዮን ነበሩ የሚል አለ፣ 60 ሚሊዮን የሚልም አለ። በ1889 ዊልያም ሆርናዴይ በመላው ሰሜን አሜሪካ የቀሩትን ቆጥሮ የደረሰበት ቁጥር 1,091 ነው።

የሆርናዴይ ታሪክ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ስሚዝሶኒያን ውስጥ የእንስሳ ቆዳ ሞልቶ ለትርኢት የሚያቆመው ክፍል ኃላፊ ነበር። ጎሽ እያለቀ መሆኑን ሲሰማ የመጀመሪያ ሐሳቡ ሙዚየሙ ጥሩ ናሙና ሳይኖረው እንዳያልቅ ነበር፤ ስለዚህ በ1886 ሞንታና ሄዶ ከመጨረሻዎቹ መካከል ከሃያ በላይ ገደለ። ቆዳቸውን አምጥቶ አቆማቸው፣ በመስታወት ውስጥ ድንቅ መንጋ ሆኑ። ያው ሰው ብዙም ሳይቆይ ሕያው ጎሾችን ከስሚዝሶኒያን ሕንፃ ጀርባ በአጥር ማርባት ጀመረ፤ ዛሬ ከቪየና በኦሬንጅ ላይን ባቡር መጥተን ልጆች ይዘን የምንወርድበት ሣር ላይ ማለት ነው። ብሔራዊው የእንስሳት ማቆያ በ1889 የተመሠረተው ከዚያ ነው። የገደለው እጅና ያዳነው እጅ አንድ ሆኖ ማየት ይከብዳል፤ ግን ጎሽ የሚድነው እንዲህ ነው፣ በአጥር፣ በቁጥር፣ በባለቤት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ ትቆጥረዋለህ፣ በር ትዘጋበታለህ፣ ይራባል። በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ አጥቢ እንስሳ ተብሎ በሕግ ታወጀ።

ቢራቢሮ በራስ አትቆጠርም። ሜክሲኮ ላይ የሚለካው የሸፈነችው ደን ነው። በ1996 ማብቂያና በ1997 መጀመሪያ ክረምት 18 ሄክታር ሸፍና ነበር፤ በ2013ቱ ክረምት 0.67 ሄክታር ብቻ። ያጠፋት ጠብመንጃ አይደለም። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ላይ አረም ማጥፊያ የሚቋቋም ዘር ሲዘራ በሰብሉ መሐል ይበቅል የነበረው ሚልክዊድ ጠፋ፤ እሷም አብራ ሳሳች። የአሜሪካ መንግሥት ጥበቃ ከሚሹት ተርታ እንድትገባ ሐሳብ ያቀረበው በታኅሣሥ 2024 ነው።

አገር ቤት ጎሽ የጣለ ሰው ስም ነበረው፤ ይፎክራል፣ ይሸለማል። ከቆዳው ጋሻ ይሠራል፣ ከቀንዱ የጠጅ ዋንጫ። በቢራቢሮ የፎከረ ጀግና ግን የለም። የትልቅ ነገር ሞት ድምፅ አለው፣ ገዳይ አለው፣ አጥንት ይቀራል፤ ስለዚህ ጸጸትም ሊመጣ ይችላል፣ በሆርናዴይ እንደመጣው። የቢራቢሮዋ ገዳይ ግን አንዲት እንኳ ገድሎ የማያውቅ፣ ማሳውን ያጸዳ ገበሬ ነው። ሣሩን በየሳምንቱ የሚያሳጭድ የፌርፋክስ የቤት ባለቤትም አለበት፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ (ኤችኦኤው) በደብዳቤ «አረም አንሳ» ብሎ ያዘዘው። (ወንዝ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ተሽለዋል፤ ሜሪላንድ በ2021 ማኅበራቱ ሣር ብቻ ትከሉ ብለው እንዳያስገድዱ በሕግ ከልክላለች።)

ወደ መንገዱ ነገር ልመለስ። ኮቴ ያላቸው እንስሳት ክረምትና በጋ የሚዘዋወሩበትን ስፍራ የሚያውቁት እንዴት ነው? በአሜሪካ ምዕራብ፣ በዱር በግና ሙስ በሚባለው የአጋዘን ዓይነት ላይ ተደርጎ በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። እነዚህ እንስሳት ካለቁበት ምድር ላይ እንደገና ሊያሰፍሯቸው ከሌላ ቦታ በመኪና ተጭነው የመጡ መንጋዎች ነበሩ። አዲሱ ቦታ ላይ ሲራገፉ አብዛኞቹ የትም አልሄዱም። ተራራው አለ፣ በተራራው ላይ በየወሩ ሽቅብ የሚለመልመው ሣር አለ፤ እነሱ ግን ባሉበት ቀሩ። ከትውልድ ትውልድ፣ አሥርተ ዓመታት ሲያልፉ፣ ልጅ ከእናቱ የተማረውን በራሱ እየጨመረ፣ መንጋው ሣሩን ተከትሎ መውጣትና መውረድ ጀመረ። ዕውቀቱ ደም ውስጥ አልነበረም። ቀድማ የሄደች እናት ኋላ ላይ ነበር። የጎሽንም መንጋ የሚመሩት አሮጊት ሴቶቹ ናቸው፤ ግልገሉ ያንን ጀርባ እያየ ነው የሚያድገው።

እንግዲህ ሚሊዮኖቹን ወደ ሺህ ያወረደው ጠብመንጃ የገደለው ሥጋ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ጎሹ ዳነ፤ ዛሬ ለሥጋ የሚረባው ሲደመር በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። መንገዱ ግን በአብዛኛው አልዳነም። በየሎስቶን ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረው መንጋ በ1902 ወደ ሃያ አምስት ያህል ደርሶ ተርፏል፤ ዛሬ በሺዎች ሆኖ ክረምት ሲከብድ ዝቅ ወዳለው ሣር ለመውረድ ሲሞክር፣ የፓርኩን ወሰን ሲያልፍ ይያዛል፣ ብዙውም ይታረዳል፤ ለከብት የማስወረድ በሽታ ያጋባል ተብሎ። ካንሳስ ኮንዛ በሚባለው የሣር ምድር ደግሞ ጎሽ ከተመለሰበት ወዲህ የተክሉ ዓይነት በዝቷል፤ ሣሩን ሲግጥ፣ አፈሩ ላይ ሲንከባለል ለአበባ ቦታ ይለቅቃል። የክንፏ ነገር ከኮቴው ነገር ያን ያህል የራቀ አልነበረም።

ለቢራቢሮዋም ቢሆን «ደሟ ያውቀዋል» የሚለው ቃል በሙሉ አይሠራም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳዩት፣ በቤት ውስጥ ያደጉ ሞናርኮች፣ ከዱር ከመጡ ወላጆች የተፈለፈሉትም ጭምር፣ ሲፈተኑ ወደ ደቡብ አላቀኑም። ውርሱ አለ፣ ግን ቢራቢሮዋ ደጅ ካላደገች ላይነቃ ይችላል። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ይዞ በክረምት አዲስ አበባ ቢሄድ አልቃወምም።

ነገር ግን እኛ በመኪና ተጭነን የመጣነው በጎች ነን። ደማችን የፌርፋክስን ካርታ አያውቅም፣ የልጆቻችን ደምም የጎጃምን አያውቅም። መጀመሪያ የደረሱት አዳምስ ሞርጋን ባሉ አፓርታማዎች ተራገፉ። ኪራይ ሲወደድ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አሉ። ልጅ ሲደርስ «የፌርፋክስ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው» ተባለ፤ ያለችውን ይዞ ሁለት ሥራ እየሠራ መጣ። ዛሬ ደግሞ ውድብሪጅ፣ ላውደን ይባላል። ይህን በየትም መጽሐፍ ተጽፎ አናገኘውም፤ ቀድማ የሄደች እህት በስልክ የነገረችው ነው፤ የትኛው ሰፈር ዋጋው ይቻላል፣ የትኛው አውቶቡስ ሌሊት ይሠራል፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ፈረቃ ይለዋውጣል። ሣሩን ተከትለን አንድ ትውልድ ያህል ወጥተናል። ልጆቻችን ይህንን ነው ከእኛ ጀርባ እያዩ የሚማሩት፤ ወደ ሸዋ የሚወስደውን መንገድ ግን ማን ያሳያቸው?

አያቶች ይመጣሉ። ልጅ ሲወለድ ቪዛ ይወጣል፣ ዱለስ ላይ በበርበሬና በሽሮ የተሞላ ሻንጣ ይዘው ይወርዳሉ። መንጋውን መምራት የሚገባቸው እነሱ ናቸው፤ ግን ታውንሃውስ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ መኪና አይነዱም፣ ሊትል ሪቨር ተርንፓይክን በእግር ለማቋረጥ ደፋር መሆን ይጠይቃል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወጥተው ደብረ ሊባኖስን በእግራቸው የተሳለሙ ሴት እዚህ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ድረስ የሚወስዳቸው ሰው ይጠብቃሉ። የሚያውቁት መንገድ ሌላ ምድር ላይ ነው። ይህ ሐዘን ነው፤ ነገር ግን ዕውቀታቸው ሁሉ ከንቱ ቀረ የሚለውን አልቀበልም።

የጎረቤቴ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ አንድ ቀን በልጅ ልጃቸው ሚልክዊድ ፊት ቆሙ። ልጁ ከትምህርት ቤት ዘሩን አምጥቶ በበሩ ሥር ተክሎት ኖሯል። እማማ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ቀነጠሱ፣ ወተቱ ሲወጣ ጣታቸውን በነጠላቸው ሳይሆን በድንጋይ ጠረጉ። «ይሄ ጦቢያው ነው!» አሉ። «ዓይን ያጠፋል። ልጅ በሚጫወትበት ማን ተከለው?» በእማማ አገር ቆላ ከሚበቅለው ጦቢያው ጋር ቅጠሉም ቁመቱም አይገናኝም፤ ሚልክዊዱ ቀጭን፣ ጦቢያው ወፍራምና ግራጫ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል፣ የሞናርክ አፍሪካዊት ዘመድም ትሏን የምታሳድገው በጦቢያው ላይ ነው። የሁለቱም ወተት ዓይን ይጎዳል።

ልጁ ተክሉ አይነቀልም ብሎ አለቀሰ። እማማ አሰቡበትና ይቆይ አሉ፤ ልጁ ሲነካው እጁን ይታጠባል፣ ዓይኑን አያሽም። አንድ ነገር ግን ቀራቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሣር የሚያጭደው ሰውዬ። «ሳያውቅ ያጭደውና ይረጨዋል፤ ንገሩት» አሉ። ሰውዬው ስፓኒሽ ነው የሚናገረው፣ እማማ አማርኛ። ልጁ በትምህርት ቤት ስፓኒሽ ስለሚማር አስተርጓሚ ሆኖ ወጣ። ሰውዬው ሰምቶ ሲያበቃ እንደሚያውቅ ነገረው፤ ጓንቱንም ከፍ አድርጎ ለእማማ አሳያቸው።

«ጓንትማ ለእጅ ነው» አሉ እማማ፣ «ለዓይኑስ ምን አድርጓል በለው።»